ክቡ ተሳለ፣ መሻገሪያውስ?

ኦፕንስትሪትማፕ ማንም ተመዝግቦ የሚስለው የዓለም ካርታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 እንግሊዝ አገር ተጀመረ። ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስምአንድ የሚባሉት አፖች የሚጠቀሙት ይህንን ካርታ ነው፤ አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ስልኳ ላይ ካርድ ለሌላት ልጅ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ካርታው እንዴት እንደሚሳል እኛንም ይመለከተናል።

አይዲ የተባለውን መሳያ ለመፈተን ከአደባባይ የተሻለ ነገር የለም። አደባባይ ለዓይን ክብ ነው፤ ለካርታው ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚነዳበት መንገድ ነው። ሊባኖስ ውስጥ እንደ አገራችን መኪና በቀኝ ስለሚሄድ፣ ክቡ የሚሳለው ሰዓት ከሚዞርበት በተቃራኒ ነው። ተገልብጦ ከተሳለ አፑ መኪናውን በተከለከለ አቅጣጫ ያስገባዋል። የተጣመመውን ክብ መሳያው ራሱ ያስተካክለዋል፤ ይህ ጥሩ ነው። ዋናው ግን የሚገቡት መንገዶች ሁሉ ከክቡ ጋር ነጥብ መጋራታቸው ነው። የተነካኩ መስለው ካልተጋሩ፣ አፑ መንገዱ የተቆረጠ ይመስለውና ዙሪያ ጥምጥም ይወስድሻል።

እስከዚህ ጎበዝ ነው። ቅር የሚለኝ ይሄ ነው፦ ክቡ ሲዘጋ ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ ያለቀው ግን ለመኪና ነው። የእግረኛ መሻገሪያ፣ የእግር መንገድ፣ የሚኒባስ መቆሚያ ለየብቻቸው ካልተሳሉ ካርታው ላይ የሉም። በአማርኛ አደባባይ መኪና የሚዞርበት ብቻ አይደለም፤ ሰው የሚገናኝበትም ነው። ዶራን እንውሰድ። ለብዙዎቻችን ዶራ ማለት የእሑድ ዕረፍት ነው፣ የሐበሻ ሱቅ ነው፣ ወደ ጁበይልና ትሪፖሊ የሚሄደው ሚኒባስ የሚያዝበት ነው። ከሰርቪስ ወርዳ በእግሯ የምትሻገር ልጅ ክቡ ብቻ ምን ያደርግላታል?

ሌላው ጉድለት፣ አይዲ የተሠራው ለኮምፒውተር ነው፤ የአብዛኞቻችን እጅ ላይ ያለው ደግሞ ስልክ ነው። በኦርጋኒክ ማፕስ ሱቅና ምግብ ቤት ከስልክ ማስገባት ይቻላል። መንገድና ክብ ለመሳል ግን ኮምፒውተር ያላት ጓደኛ ፈልጉ።

አንድ ነገር አደራ። እዚያ የምታስገቢው ሁሉ ከመለያ ስምሽና ከሰዓቱ ጋር ለማንም ይታያል፤ ብታጠፊውም ታሪኩ ይቀራል። በእውነተኛ ስምሽ አትመዝገቢ። የምትሠሪበትን ቤት፣ ወይም ወረቀት የሌላቸው እህቶች የሚያርፉበትን ክፍል በፍጹም አታስገቢ። ሰው ሁሉ የሚያየው የመንገድ ነገር ይበቃል። ከጉግል ካርታም አትቅጂ፣ ክልክል ነው፤ በዓይንሽ ያየሽውን አስገቢ።

እንዲህ ከተያዘ መሳያው ሊለመድ የሚገባው ነው። የአማርኛ ስም የሚጻፍበትም ቦታ አለው። ኮምፒውተር ያላችሁ ከዶራ ጀምሩ፦ መጀመሪያ ክቡ ከመንገዶቹ ጋር መያያዙን እዩ፣ ቀጥሎ መሻገሪያውንና የሚኒባሱን መቆሚያ ጨምሩ።