ማረሻና መኪና በጭላሎ ምድር

በአማርኛ ጥበብ የሚለው ቃል የሚሸከመው ጭነት ብዙ ነው። ሊቁ ከመጽሐፍ ያገኘው ዕውቀት ጥበብ ይባላል፤ አንጥረኛው በመዶሻና በወናፍ የሚሠራው ሥራ ጥበብ ይባላል፤ ሸማኔው በቀሚሱ ዘርፍ ላይ በቀለም የሚጥለው ጌጥም ያው ጥበብ ይባላል። በሌላው ዓለም ሳይንስ፣ ቴክኒክና ሥነ ጥበብ ተብለው በሦስት ስም የተለያዩትን የኢትዮጵያ አበው በአንድ ቃል አስረው አኖሯቸው። ቃሉ አንድ ቢሆንም ግን ሰዎቹን በአንድነት አላስቀመጣቸውም። መጽሐፍ ያወቀው ጠቢብ ተብሎ ሲከበር፣ ማረሻውን የቀጠቀጠው ጠይብ ተብሎ ተናቀ፤ ሁለቱ ስሞች ከአንድ ግንድ የበቀሉ መሆናቸውን ያሰበ ጥቂት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ይህ ንቀት ሥር ሰዶ ስለ ነበረ ነው።

ዛሬ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ሊቃውንት ሥነ ጥበብ፣ ሳይንስና ቴክኒክ ዳግመኛ በአንድ ሸንጎ ይቀመጡ፤ መኪና ሰብአዊነትን የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው ይላሉ። መኪና ሲባልም በመንገድ የሚሽከረከረው ብቻ ሳይሆን በሞተር ኀይል የሚሠራው መሣሪያ ሁሉ ነው። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን መልካም ሐሳብ የሚፈተነው በአዳራሽ ሳይሆን በማሳ ላይ ነውና፣ በአሰላና በአርሲ ደጋ የሆነውን መመርመር ከብዙ ንግግር ይልቅ ያስተምራል።

ከሁሉ አስቀድሞ ገበሬው በእጁ የያዘውን መሣሪያ መመልከት ይገባል። የበሬ እርሻ ዕቃ እርፍ፣ ሞፈር፣ ድግር፣ ማረሻ፣ ወገልና ቀንበር ነው፤ ብረት የሆኑት ማረሻውና ወገሉ ሲሆኑ፣ የቀረው እንጨትና ጠፍር ነው። ሞፈሩ ቢሰበር ገበሬው ራሱ ዛፍ መርጦ ይጠርበዋል፤ ማረሻው ቢዶለዱም የመንደሩ ቀጥቃጭ ያሾለዋል፤ የቀኑ ሥራ ሲያበቃም ሰውየው ዕቃውን በትከሻው ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። መሣሪያው በገበሬው ክንድ፣ በበሬው ጉልበትና በቀጥቃጩ ችሎታ ልክ ተቆርጦ የተሰፋ ልብስ ይመስላል። ይህን ያለ መጽሐፍ የለካ ሰው ጠቢብ ካልተባለ ማን ሊባል ይችላል?

ይሁን እንጂ አሮጌውን ማወደስ ብቻውን ሐተታ አይሆንም። ማረሻ አፈሩን ይሰነጥቀዋል እንጂ አይገለብጠውም፤ በትልምና በትልም መካከል ያልተነካ መሬት ስለሚቀር ገበሬው መልሶ አግድም ማረስ ግድ ይሆንበታል፤ ለጤፍ የታሰበውን ማሳማ ሦስትና አራት ጊዜ፣ ከዚያም በላይ ይመላለስበታል። በተዳፋት ላይ ቁልቁል የወጣው ትልም ለጎርፍ መንገድ ይሆናል። ጥማድ በሬ የሌለው ድኻ ደግሞ በሬ እስኪያገኝ የዘር ጊዜው ያልፍበታል። ስለዚህ የተሻለ መሣሪያ መፈለግ የአባቶችን ሥራ መናቅ አይደለም፤ የሚያስነቅፈው ነገር ቢኖር አዲሱ ከአሮጌው ምን እንደሚማር ሳይጠየቅ የመጣ እንደ ሆነ ነው።

ይህን ፍለጋ በአርሲ በሰፊው የጀመረው በ1959 ዓ.ም. ማብቂያና በ1960 መባቻ፣ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ነው፤ ካዱ በሚለው አጭር ስም ይታወቃል። ዓላማው የሚመሰገን ነበር። ባለጠጋውን ይበልጥ ለማበልጸግ ሳይሆን ትንሹን ገበሬና ጢሰኛውን ለማንሣት ታሰበ። ከአሰላ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው በቁሉምሳ የስንዴ ዘር ተመረመረ፤ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ታደለ፤ የወተት መሰብሰቢያ ተከፈተ፤ መንገድ ተጠረገ፤ በበሬ የሚጎተት የተሻሻለ ማረሻና ጋሪም ተሞከረ። በመጀመሪያው ዓመት ብድር የወሰዱት ገበሬዎች 200 የማይሞሉ ሲሆኑ፣ በአራተኛው ዓመት ከ10,000 በላይ ሆኑ። ከድርጅቱ መሪዎች የመጀመሪያው የነበሩት ስዊድናዊው ቤንት ኔክቢ ስለዚሁ ሥራ ባሳተሙት መጽሐፍ ርእስ ላይ ካዱን የገበሬን እርሻ ለማልማት የተደረገ የኢትዮጵያ ሙከራ ብለውታል። ሙከራ የሚለው ቃል ትሕትና አለበት፤ ነገር ግን ሙከራ ሳይሰምር ሲቀር ዕዳውን የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ሞካሪው ሳይሆን የተሞከረበቱ ነው።

የሆነውም ይህ ነው። ዘሩና ማዳበሪያው ስንዴን አትራፊ ባደረጉት ጊዜ ትርፉን ያየው ጢሰኛው ብቻ አልነበረም። አስቀድሞ ከመሬቱ ፍሬ ድርሻውን ተቀብሎ ይኖር የነበረው ባለ መሬት፣ አሁን ትራክተር ገዝቶ ወይም ተከራይቶ ቢያሳርስ ፍሬውን ሁሉ ለብቻው እንደሚወስድ ቈጠረ። የእርሻ መኪናም ያለ ቀረጥ ይገባ ነበርና መንገዱ ተደላደለለት። ከአሰላ በስተ ሰሜን ባለው ሜዳ የትራክተር እርሻ በፍጥነት ተስፋፋ፤ በዚያው መሬት ላይ ወልዶ ያሳደገው ጢሰኛ የተጻፈ ውል ስላልነበረው ጎጆውን ነቅሎ፣ ከብቱን ነድቶ ወጣ። ድርጅቱ ይህን አይቶ ዝም አላለም፤ ለትልልቅ ባለ መሬቶች የሚሰጠውን ብድር ገደበ። የስዊድን መንግሥትም የጢሰኛና የባለ መሬት ግንኙነት በሕግ እንዲወሰን ጠየቀ፤ ረቂቁ ሕግ ግን በፓርላማ ሳይጸድቅ ቀረ። ነገሩ የተቆረጠው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ነው፤ ጢሰኝነት የተሻረው በዚህ ዐዋጅ ነውና።

በዚህ ላይ፣ ጥፋቱ የርስቱ ሥርዓት ነው እንጂ የትራክተሩ አይደለም የሚል ተከራካሪ ይነሣ ይሆናል። ክርክሩ እውነት አለበት፤ ብረት ክፉና ደግ አይለይም። ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው። ከትራክተሩ በፊት ባለ መሬቱ ምንም ቢጨክን የጢሰኛው ክንድ ያስፈልገው ነበር፤ ይህ ማስፈለጉ ብቻ ለጢሰኛው እንደ ደካማ ዋስ ሆኖ ያቆመው ነበር። መኪናው ሲመጣ ያ ዋስ ፈረሰ፤ በእርሱም ፈንታ ሌላ ዋስ አልቆመም። እንግዲህ ትራክተሩ በደሉን አልፈጠረውም፤ በደልን የሚከለክለውን የመጨረሻ ችግር ግን አነሣለት። ዕቃ ሠሪና ዕቃ አስመጪ ሁሉ ሊያስብበት የሚገባው ነገር ይህ ነው።

በዚህ ስፍራ የሥነ ጽሑፍ ምስክርነት ይጠቅማል። ካዱ ሥራ ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1958 ዓ.ም. የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታትሞ ነበር። መጽሐፉ የሚናገረው ስለ ጎጃም ነው፤ የጎጃም የመሬት ሥርዓትም ከአርሲው የተለየ ነው፤ ስለ ምርጥ ዘርም ሆነ ስለ ትራክተር ትምህርት የሚሰጥ መጽሐፍ አይደለም። ነገር ግን ፊታውራሪ መሸሻ ከባላገሮቻቸው ጋር የተጋጩበትን፣ በአበጀ በለው የተመሩትም ገበሬዎች አንገዛም ብለው የተነሡበትን ነገር ያነበበ ሰው፣ መሬት የያዘ ምን እንደሚመኝ፣ መሬት የሌለውም ምን እንደሚፈራ ከማናቸውም ሠንጠረዥ ይልቅ ያስተውላል። ይህን ያለ ዕውቀት ከአፈር ምርመራው ጎን በእኩል ማዕርግ ቢቀመጥ ኖሮ፣ ስንዴው በበዛ ጊዜ ባለ መሬቱ ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ በሥራው ራስ ላይ በተጻፈ ነበር። ሥነ ጥበብ ለመኪና የሚሰጠው ቀለምና ጌጥ ብቻ የሚመስለው ሰው ስለዚህ ይሳሳታል፤ ዋናው ስጦታው የሰውን ልብ ማወቅ ነው።

የአርሲ ኦሮሞ ሕዝብም በዚህ ነገር የራሱ ትምህርት አለው። ሴት ልጅ ስትዳር ከእናቷ የምትቀበለው ሲንቄ የሚባል ቀጭን በትር አለ። ለዓይን እንጨት ነው፤ ለመምታትም የተሠራ አይደለም። ሆኖም ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በተጣሉ ሰዎች መካከል ሲቆሙ ጠቡ ይበርዳል፤ የተበደለች ሴትም ከእኅቶቿ ጋር ሲንቄ ይዛ ስትወጣ ካሣዋን ታገኛለች። ኀይሉ ያለው በእንጨቱ ሳይሆን ሕዝቡ አስቀድሞ በእርሱ ላይ ባሠረው ሕግ ነው። እንግዲህ ሲንቄ ሕግ ያለው በትር ከሆነ፣ ወደ ጭላሎ ሜዳ የገባው ትራክተር ሕግ የሌለው በትር ነበር ማለት ይቻላል።

ውበት ብቻውን ይህን ጉድለት እንደማይሞላ አውሮፓም አይታዋለች። እንግሊዛዊው ዊልያም ሞሪስ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1834 እስከ 1896) መኪና የሠራተኛውን ደስታ ገደለ፣ ዕቃውንም አስቀያሚ አደረገ ብሎ ጨርቁንና የግድግዳ ወረቀቱን በእጅ ጥበብ አሠራ። ሥራው እጅግ ያማረ ነበር፤ ነገር ግን በእጅ የተሠራው ውድ ሆነና ባለጠጎች ገዙት። ሞሪስም በኋለኛው ዘመኑ ስለ ሠራተኛው መብት ወደ መታገል ዞረ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1919 በጀርመን አገር በቫይማር ከተማ ቫልተር ግሮፒየስ የመሠረተው ባውሃውስ የተባለ ትምህርት ቤት ደግሞ ሠዓሊውንና የእጅ ሠራተኛውን በአንድ የሥራ ቤት አገናኝቶ፣ ያማረውን ዕቃ በፋብሪካ ለብዙ ሰው ለማዳረስ ደከመ። ከሁለቱም ብዙ ይማሯል። ዕቃው በአንድ በር ሲገባ በሌላው በር ማን ይወጣል የሚለው ጥያቄ ግን ከቅርጽ ያለፈ ነው።

ለጥያቄው የቀረበ ምሳሌ በኢትዮጵያ ደጋ ጥቁር አፈር ላይ ይገኛል። ይህ አፈር በክረምት ውሃ ስለሚያቁር፣ በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች፣ ሴቱም ልጁም ሳይቀር፣ በእጃቸው አፈሩን እየሳቡ ከፍ ያለ መደብ ይሠሩ ነበር፤ ውሃውም በመደቦቹ መካከል ባለው ቦይ ይወርዳል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ የነበረው የአፍሪቃ የከብት ሀብት ምርምር ማዕከል ከኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ይህንኑ የእጅ ሥራ በበሬ ለማድረግ አሰበ። ባዕድ መኪና አላስመጣም፤ ሁለት የአገር ማረሻዎችን ጎን ለጎን አያይዞ የብረት ክንፍ አበጀላቸው፤ ቀድሞ በታረሰውም መሬት ላይ መደቡንና ቦዩን አብሮ የሚያወጣ ሆነ። ሳይንሱ ሐሳቡን የወሰደው ከገበሬው እጅ ነው፤ ቅርጹንም ከቀጥቃጩ ሥራ። ይህም ቢሆን ከነቀፋ አላመለጠም፤ ገበሬዎች ከበደን አሉ፤ ሠሪዎችም በየጊዜው የቀለለውን ለማውጣት ተመለሱ። ነቀፋው ለመሣሪያው ነውር አይደለም፤ ተጠቃሚው ተናግሮ ሠሪው የሰማበት ሥራ በመሆኑ ይልቁን ክብር ነው።

ዛሬ በአሰላ የእርሻ መሣሪያ ምርምር ማዕከል አለ፤ በቁሉምሳም የስንዴው ምርምር ቀጥሏል፤ መከር ሲደርስ በአርሲ ሜዳ ኮምባይነር ከማሳ ወደ ማሳ እየዞረ ለትንሹ ገበሬ ጭምር በኪራይ ያጭዳል፤ ይወቃል። ጢሰኝነት ስለ ተሻረ የቀድሞው መከራ በዚያው መልኩ ይመለሳል ማለት አይደለም። ገበሬው እህሉን ያለ ጊዜው ከሚጥለው ዝናብ ያድናል፤ የቤተ ሰቡም ድካም ይቀልላል። በሌላው ወገን ግን በበሬ ሲወቃ ከአውድማው ዳር የሚከመረውን ጭድ ኮምባይነሩ በማሳው ላይ በትኖት ያልፋል፤ በአጨዳ ደመወዝ የሚያድረውም ድኻ ማጭዱን ይዞ ሥራ ይፈታል። ትርፉንና ኪሳራውን በአንድ ሚዛን ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ካልተገኘ፣ ትርፉ በመዝገብ ይጻፋል፤ ኪሳራው ግን ሳይጻፍ ይቀራል።

እንግዲህ መኪና ሲሠራም ሆነ ሲገባ አስቀድመው ሊጠየቁ የሚገባቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ይኸውም አንደኛ የሚሸከመው፣ ሁለተኛ የሚጠግነው፣ ሦስተኛ በእርሱ ምክንያት እንጀራውን የሚያጣው ነው። ለመጀመሪያው ልኩን የሚያገኝለት መሐንዲሱ ነው፤ ለሁለተኛው የሚመልሰው ቀጥቃጩ ነው፤ የሦስተኛውን ድምፅ የሚያሰማው ግን የሰውን ኑሮ የሚያስተውል ደራሲና የአገሩን ልማድ የሚያውቅ ሽማግሌ ነው። እነዚህ በአንድ ሸንጎ የሚቀመጡበት ጊዜም ዕቃው ከተሠራ በኋላ ለምረቃ ሳይሆን ገና በወረቀት ላይ ሳለ መሆን አለበት። መሐንዲሱ ለብቻው ተቀምጦ፣ ጠይቡ በደጅ ቆሞ፣ ደራሲው ለምስጋና ብቻ ተጠርቶ የሚወጣ ሥራ ግን፣ ስሙ ጥበብ ቢባልም፣ በጭላሎ ሜዳ አንድ ጊዜ የታየው ነው።