የኛ ቤት ማህሙድ

አንድ ሰው «የምወደው አልበም» ሲለኝ የትኛውን ቅጂ ማለቱ እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። የሚወደው ያችኑ ካሴት፣ ያንኑ ቴፕ፣ አባቱ ሳያውቁ ቀይዋን ቁልፍ ተጭነው ያጠፏትን ያችኑ ቦታ ነውና። ዘፈኑ መሐል ላይ ያለችው መቆራረጥ ከዜማው ጋር አብራ ተጠንታለች፤ ያንኑ ዘፈን ታክሲ ውስጥ ሲሰማ እንኳ እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ ይጠብቃታል። ሥራዬ አሮጌ ካሴት ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ነው፤ የሙያው አስቸጋሪ ጥያቄም የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፦ ማዳን ያለብኝ ባንዱ የተጫወተውን ነው ወይስ ቤተሰቡ የሰማውን?

ከዕቃው ልጀምር። የካሴት ክር ወርዱ አራት ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። የባለ 60 ደቂቃው ክር ውፍረት 18 ማይክሮን ያህል ነው፤ የባለ 90ው 12፣ የባለ 120ው ደግሞ 9 ገደማ። ባለ 120 ሲመጣልኝ ፊቴ የሚጠቁረው ለዚህ ነው። ሁለት አልበም በአንድ ካሴት ያስቀዳ ሰው ያኔ ገንዘብ ቆጥቧል፤ ቴፕ ቶሎ የሚበላው ግን ያንን ስስ ክር ነው።

ከክሩ በስተጀርባ አንዲት ትንሽ የሱፍ ቁራጭ አለች። ክሩን ድምጹን ከሚያነበው የማሽኑ ሄድ ጋር የምታገናኘው እሷ ናት። ሙጫዋ ደርቆ ከወደቀች ድምጹ ይታፈንና ባለቤቱ «ሞቷል» ብሎ ካሴቱን ይጥለዋል። ከማይረባ ካሴት አንዷን አውጥቼ እለጥፍለታለሁ፣ ይነሳል። ቀጥሎ ሄዱን በአልኮልና በጥጥ አጽድቼ፣ ዝንባሌውን የምታስተካክለዋን ብሎን በቀጭን ካቻቢቴ እያዞርኩ ሲምባሉ ጥርት እስኪል እፈልጋለሁ። ያባዛው ማሽን ሄዱ ትንሽ አዘንብሎ ከነበረ ካሴቱም ያንን ዝንባሌ ይዞ ይኖራል፤ የኔ ማሽን ወደዚያው ካላዘነበለ ቀጫጭኑ ድምጽ ሁሉ ይጠፋል። ይህን ትተው በቀጥታ ወደ ኢኳላይዘር የሚሮጡ ሰዎች ያናድዱኛል። ማሽኑ ያላነበበውን ድምጽ ኢኳላይዘር ከየት ያመጣዋል?

ዋናው ጣጣ ግን ፍጥነቱ ነው። ካሴት ከካሴት በሚባዛበት ዘመን ቀበቶው የላላ ማሽን ብዙ ነበር፤ ከቅጂ ላይ ሌላ ቅጂ ሲቀዳ ደግሞ መዛባቱ ይደራረባል። ኦርጋን ያለበት አልበም ከሆነ አልቸገርም። ኦርጋን በሁለት ቁልፎች መካከል አይጫወትም፤ ዜማው መካከል ላይ ከወደቀ ፍጥነቱ ተዛብቷል ማለት ነው። ክራርና መሰንቆ ግን ለዘፋኙ ድምጽ ተብለው ስለሚቃኙ አይመሰክሩልኝም። ያን ጊዜ መብራት ኃይልን እጠይቃለሁ። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ሄርዝ ነው፤ ግድግዳ ላይ የተሰካ ቴፕ ሲቀዳ ከሙዚቃው ሥር ስስ ጉምጉምታ ይተዋል። ኮምፒውተሩ ላይ ያንን ጉምጉምታ 48.5 ላይ ካገኘሁት ካሴቱ 3 በመቶ እየዘገየ ነው። የራሴ ማሽንም የራሱ ጉምጉምታ ስላለው ካሴት ሳይገባበት አስቀድሜ እለካዋለሁ።

በባትሪ ድንጋይ የተቀዳ ካሴት ይህ ምስክር የለውም። ድንጋዩ ሲደክም ቴፑ እየተጎተተ ይቀዳል፤ በደህና ቴፕ ሲጫወት ደግሞ ድምጹ እየፈጠነና እየቀጠነ ይሄዳል። ድንጋይ ፀሐይ ላይ እያሰጡ የቀዱት የገጠር ሠርግ መጨረሻው ላይ መራቂው ሽማግሌ ሕፃን የሚመስሉት ለዚህ ነው። እሱን የማስተካክለው በጆሮዬ ብቻ ነው፣ ደቂቃ በደቂቃ።

የኔ አልበም የኃይሉ መርጊያ «ሸሞንሟናዬ» ነው። ኃይሉ ከዋልያስ ባንድ ጋር ሒልተን ሆቴል ይጫወት የነበረ፣ ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ለዝግጅት ሲሄድ እዚያው የቀረ ሙዚቀኛ ነው። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን፣ ሮድስ ፒያኖውንና ሲንተሳይዘሩን ብቻውን እየደራረበ ቀዳው፤ ከበሮውም የማሽን ነው። ዘፋኝ የለበትም። ዘፋኝ የሌለበት አልበም ደግሞ እኛ አገር ሰው ላዩ ላይ የሚያወራበት ነው፤ ሬዲዮ በፕሮግራም መሐል ያስገባዋል፣ ምግብ ቤት ለምሳ ሰዓት ይከፍተዋል። ዋሽንግተን የነበረው አጎቴም በካሴት ደብዳቤ ሲልክልን ከበስተኋላው የከፈተው ይህንኑ ነበር። አኮርዲዮኑ ይጫወታል፣ አጎቴ የየዘመዱን ስም እየጠራ ሰላምታ ያቀርባል። አያቴ ቴፑ ፊት ቁጭ ብለው «እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፣ አንተስ?» እያሉ ይመልሱለት ነበር።

ዋናው ካሴት ጠፍቶ የተረፈው ደሴ ላለችው አክስቴ ተብሎ የተቀዳው ቅጂ ነው። ኮምፒውተር ላይ ሳየው ሁለት ጉምጉምታ አለበት፤ አንዱ 50፣ ሌላው 58። የአሜሪካ መብራት 60 ሄርዝ ነው። እንግዲህ እዚህ ሲባዛ ዋናውን ያጫወተው ማሽን ከ3 በመቶ በላይ ይዘገይ ነበር ማለት ነው፤ ይህም በፒያኖ ላይ በጎረቤት ቁልፎች መካከል ካለው ርቀት ግማሹን ያልፋል። 58ቱን ወደ 60 ሳወጣው አኮርዲዮኑ ቦታውን ያዘ፣ አጎቴ ግን ሌላ ሰው ሆነ። በልጅነቴ የማውቀው ድምጹ ወፍራም፣ አነጋገሩ ረጋ ያለ ትልቅ ሰው ነበር። አሁን የምሰማው በሃያዎቹ ውስጥ ያለ፣ የሚቸኩል፣ ስሞቹን ጠርቶ ሳይጨርስ ክሩ እንዳያልቅበት የሚሰጋ ልጅ ነው። አክስቴ ሰማችውና «አዎ፣ እንዲህ ነበር» አለች።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። አንዲት እናት ከሟች ባላቸው ጋር ሲሰሙት የኖሩትን የማህሙድ አህመድ ካሴት ይዘው መጡ። ኦርጋኑን ተከትዬ ፍጥነቱን አስተካከልኩና አሰማኋቸው። እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ «ልጄ፣ ማህሙድ ነው፤ የኛ ቤት ማህሙድ ግን አይደለም» አሉኝ። እማማ የለመዱት ዝግ ያለውን ነው፤ ባላቸውም ሲያንጎራጉሩ የኖሩት በዚያው ልክ ነው። ያልተነካውን ከፈትኩላቸው። የወሰዱትም እሱን ነው።

ስለዚህ ዘፈን ከሆነ ሁለት ፋይል እሰጣለሁ፤ አንዱ የተስተካከለ፣ አንዱ እንዳለ፣ ባለቤቱ ይምረጥ። ማህሙድን በልኩ መስማት የሚሻ ሰው ሌላም መንገድ አለው። «ኧረ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1986 ቤልጂየም ውስጥ በክራምድ ዲስክስ ወጥቷል፣ በኋላም ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባዘጋጀው የኢትዮፒክስ ተከታታይ ውስጥ ገብቷል። «ሸሞንሟናዬ»ም በ2013 እንደገና ታትሟል፤ ያሳተመው አሜሪካዊ ካሴቱን ባሕር ዳር ከተማ አግኝቶ ኃይሉን ሲያፈላልገው ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ነበር። የአጎቴ ሰላምታ ግን ሌላ እትም የለውም። የሰው ንግግር ያለበትን ካሴት ባለቤቱ ባይጠይቀኝም ፍጥነቱን የማስተካክለው ለዚህ ነው።

የክሩን ሽሽታ አልነካም። ኮምፒውተር በአንድ ጠቅታ ያጠፋዋል፤ አብሮ ግን የዘፋኙን ትንፋሽና የዋሽንቱን አየር ይዞ ይሄዳል፣ የሚቀረው ድምጽ ውኃ ውስጥ የተዘፈነ ይመስላል። ሌላም የማልነካው አለ። አንዳንድ ካሴት ጀርባው ላይ ያሉት ቀዳዳዎች በወረቀት ተደፍነው በዘፋኙ ሙሉቀን መለሰ ላይ ሠርግ ተቀድቶበታል፤ ጭብጨባው ሲያልቅ ሙሉቀን ከዘፈኑ መሐል ብቅ ይላል። «እሱን ቁረጥልን» የሚሉኝ አሉ። ከሠርጉ ለይቼ ለብቻው አስቀምጥላቸዋለሁ እንጂ አልጥለውም።

ቤታችሁ ካሴት ካለ ለዓመታት ባልሠራ ቴፕ አትሞክሩት፤ የደረቀው ጎማ ክሩን ይበላዋል። ጀርባው ላይ ያሉትን ሁለት ጥርሶች ስበሩ፣ ማንም ሳያውቅ እንዳይቀዳበት። ከስፒከር አርቁት፤ ማግኔቱ ይጎዳዋል። ሽፋኑ ላይ የማን ድምጽ እንዳለ ጻፉበት፤ እኔ ድምጹን አወጣዋለሁ እንጂ ሰውየውን አላውቀውም። ፋይሉን ከተቀበላችሁ በኋላም ካሴቱን አትጣሉት፤ ነገ ከኔ የተሻለ ማሽን ያለው ሰው ከኔ የተሻለ ሊያወጣው ይችላል።