ኮዱንና ምስክሩን አንድ እጅ ሲጽፋቸው

የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሲሠራ ሦስት ነገሮች ለየብቻ ይጻፋሉ። አንደኛው ኮዱ ነው፤ ሁለተኛው ምን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚሠራውና የት እንደ ደረሰ የሚይዘው የሥራ መከታተያ ነው፤ ሦስተኛው ሥራው ለምን እንደዚያ እንደ ተደረገ የሚያስረዳው ሰነድ ነው። አትላሲያን የተባለው የአውስትራልያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2002 ጂራን ለሁለተኛው፣ በ2004 ኮንፍሉዌንስን ለሦስተኛው አገልግሎት አውጥቷል።

አሁን ግን ሦስቱም በአንድ ረዳት እጅ በመግባት ላይ ናቸው። አንትሮፒክ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከውጭ መዛግብት ጋር የሚገናኝበትን ደንብ አወጣ፤ አትላሲያንም በ2025 በዚሁ ደንብ መዛግብቱን ለረዳቶች ከፈተ። ስለዚህ ረዳቱ ትእዛዙን ከጂራ አንብቦ፣ ኮዱን ጽፎ፣ ሰነዱን አዘጋጅቶ፣ «ተፈጽሟል» ብሎ ሊዘጋ ይችላል።

ጥቅሙ አይካድም። ሰነድ መጻፍ የሚሰለች ፕሮግራም ሠሪ ብዙ ነው፤ ያረጀ ሰነድም አንባቢውን ያሳስታል። ነገር ግን ሰነድ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ በኮዱ ላይ የሚቆም ምስክር ነው። የማለፊያው ነጥብ 50 ነው እንበል። ረዳቱ ተሳስቶ «ከ50 በላይ» ብሎ ቢጽፍ ልክ 50 ያገኘው ተማሪ ይወድቃል። ሰነዱን ሌላ ሰው ከመመሪያው ቢጽፈው ሁለቱ ይጋጩና ስሕተቱ ይጋለጣል። ያው ረዳት ከኮዱ ቀድቶ ቢጽፈው ግን ስሕተቱ በጥሩ ቋንቋ ይጸናል።

የዴንማርኩ ሊቅ ፒተር ናውር እ.ኤ.አ. በ1985 የፕሮግራም ዋናው ነገር በሠሪዎቹ አእምሮ ያለው ግንዛቤ መሆኑንና ሰነድም ይህን በሙሉ ሊይዘው እንደማይችል ጽፎ ነበር። እንዲህ ከሆነ ሰነዱን ማን ጻፈው ምን ለውጥ አለው የሚል ይኖር ይሆናል። ለውጥ አለው፤ ሰው ምክንያቱን ሲጽፍ ሥራውን እንደገና ያስብበታልና።

ሌላም አደጋ አለ። ኢንቫሪያንት ላብስ እ.ኤ.አ. በ2025 እንዳሳየው፣ በጊትሐብ የሕዝብ መዝገብ ላይ የተለጠፈ ተንኰለኛ ጽሑፍ ረዳቱን አታሎ የግል መዝገብ ምስጢር በአደባባይ እንዲያወጣ ሊያደርገው ይችላል። ረዳቱ ያነበበውን ቃል ከጌታው ትእዛዝ ሁልጊዜ አይለይምና።

እንግዲህ ግንኙነቱ ይቋረጥ አንልም፤ ሥርዓት ይበጅለት እንላለን። ረዳቱ የሚያስፈልገውን ብቻ ያንብብ፤ «ለምን» የሚለውን ሰው አስቀድሞ ይጻፍ፤ «ተፈጽሟል» የሚለውንም ሥራውን የመረመረ ሰው ይዝጋ። በመመረቂያ ሥራችንም እንደዚሁ ነው፤ ኮዱንና ሪፖርቱን አንድ መሣሪያ ጽፎ ካስማማቸው፣ መምህሩ የሚመረምረው የመሣሪያውን ስምምነት እንጂ የተማሪውን ዕውቀት አይደለም።