ከኋላቸው የሚከፍትላቸው ያጡ ቃሪእ፦ የዑመር ኢብን ሰዒድን የሕይወት ታሪክ እንዴት እናንብብ?

በ1831 በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ግዛት በባርነት የተያዙ አንድ አዛውንት የሕይወት ታሪካቸውን በገዛ እጃቸው በዐረብኛ ጻፉ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጽሑፉ ከዐሥራ አምስት ገጽ አይበልጥም። በአሜሪካ በባርነት ሥር ሳሉ የሕይወት ታሪካቸውን በዐረብኛ ከጻፉ ሰዎች መካከል ሥራው ለዘመናችን የደረሰልን የእኚህ ሰው ብቻ እንደ ሆነ ይታመናል። ጸሐፊው ዑመር ኢብን ሰዒድ ይባላሉ። የእጅ ጽሑፋቸውን የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2017 ገዝቶ በ2019 ለሕዝብ እንዲነበብ በኢንተርኔት አቅርቦታል። በሕይወታቸው ላይ የተመሠረተ ኦፔራም በ2022 በቻርልስተን ከተማ ተከፍቶ በማግሥቱ ዓመት በሙዚቃ ዘርፍ የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። ከዚህ ወዲህ ስማቸው በየኹጥባውና በየትምህርት ክፍሉ መነሣቱ አይቀርም። ስለሆነም ታሪካቸው ከመወራቱ በፊት ጽሑፋቸው በጥንቃቄ መነበብ ይኖርበታል።

ዑመር በ1770 ገደማ የተወለዱት በዛሬዋ ሴኔጋል፣ በፉታ ቶሮ ነው። ዕውቀት በመሻት ሃያ አምስት ዓመት እንዳሳለፉ ይነግሩናል፤ ከሸይኾቻቸው መካከል የገዛ ወንድማቸው ሸይኽ ሙሐመድ ሰዒድ ይገኙበታል። በ1807 ብዙ ሠራዊት አገራቸውን ወርሮ ሰው ፈጀ፤ እርሳቸውንም ማርኮ ወደ ባሕር ወሰዳቸው። አንድ ወር ተኩል በመርከብ ተጉዘው ቻርልስተን ደረሱ። አሜሪካ ከውጭ ባሪያ ማስገባትን የከለከለችው ከጥር 1 ቀን 1808 ጀምሮ በመሆኑ፣ የእርሳቸው መርከብ ከመጨረሻዎቹ አንዷ ነበረች ማለት ነው። አላህን ፈጽሞ ከማይፈራ ጆንሰን ከሚባል ሰው እጅ ወደቁ፤ ከእርሱም አምልጠው በእግራቸው ፋየትቪል ድረስ ተጓዙ። ለመስገድ ከአንድ ቤት ሲገቡ ታይተው ተያዙና ዐሥራ ስድስት ቀንና ሌሊት ታሰሩ። በኋላ የገዛቸው ጀኔራል ጄምስ ኦወን፣ ወንድሙ የግዛቲቱ አገረ ገዥ እስከ መሆን የደረሰ ሰው ነበር። በ1820 ገደማ በፕረስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ተጠመቁ። ባርነትን የሻረው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በ1865 ከመጽደቁ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ዘጠና ዓመት አልፏቸው፣ በባርነት ሳሉ አረፉ።

እኚህን ሰው የሚያነቡ ወገኖች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ በዘመናቸው የነበሩ የአሜሪካ ክርስቲያን ጸሐፍት ናቸው። እነዚህ ዑመርን የተልእኳቸው ፍሬ፣ በጌታው ደግነት ነፍሱ የዳነች፣ በባርነቱም ረክቶ የሚኖር ሰው አድርገው ሣሉ። ሁለተኛዎቹ በዘመናችን ያሉ ሙስሊም ሰባኪያን ናቸው። በእነዚህ ዘንድ ዑመር እምነቱን በልቡ ደብቆ እስከ ሞት የጸና፣ ጌቶቹንም በቁርኣን ያታለለ ጀግና ነው። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ሁለቱም ንባቦች ሰውየው ያልሰጡንን ነገር ይወስዳሉ የሚል ነው።

የመጀመሪያውን ንባብ ለመፈተን አንድ ማስረጃ ይበቃል። በ1857 ዑመር በዐረብኛ የጻፉት አንድ ወረቀት አለ። ጀርባው ላይ ሌላ ሰው በእንግሊዝኛ ባሰፈረው ማስታወሻ፣ ጽሑፉ ክርስቲያኖች አባታችን ሆይ የሚሉት ጸሎት እንደ ሆነና ጸሐፊውም ጽኑ ክርስቲያን እንደ ሆኑ ተገልጿል። ዐረብኛ የሚያነብ ሰው ወረቀቱን ሲገለብጥ የሚያገኘው ግን ሱረቱ ነሥርን ነው፤ ሰዎች ጭፍራ ጭፍራ ሆነው ወደ አላህ ዲን መግባታቸውን የምታወሳውን ሱራ። ማስታወሻውን የጻፈው ሰው ውሸታም ነበር ለማለት አያስደፍርም፤ ማንበብ አይችልም ነበር እንጂ። ማንበብ ያልቻለውን ጽሑፍ ግን በሚፈልገው ትርጉም ሞላው። የመጀመሪያው ወገን ምስክርነት በሙሉ በዚህ ዓይነት መሠረት ላይ የቆመ ነው።

ይህ ማስረጃ ሁለተኛውን ወገን በጣም ያስደስታል። ደስታው ግን ቶሎ ወደ ፍርድ ሊለወጥ አይገባም። የ1831ዱ ጽሑፍ በቢስሚላህና በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ በሚወርድ ሶለዋት ይከፈታል፤ ይህም ከጥምቀታቸው ዐሥር ዓመት ያህል በኋላ ነው። ከዚያም ከቃል የተጻፈ ሱረቱል ሙልክ ይከተላል። ዓላ አልረየስ በ2011 ባሳተሙት ትርጉምና ጥናት እንዳመለከቱት፣ ሙልክ የሚለው ቃል ከባለቤትነት ጋር የተሳሰረ ነው፤ ባለቤትነት ሁሉ በአላህ እጅ ነው ብላ የምትጀምር ሱራ በተሸጠ ሰው እጅ ስትጻፍ ዝም ብላ አታልፍም። ይህ ንባብ ብርቱ ነው። ሆኖም በመድረሳ ያደገ ሰው ሌላም ነገር ያያል። ሱረቱል ሙልክ ብዙ ሙስሊም ከመተኛቱ በፊት ሌት ሌት የሚቀራት ሱራ ናት። ስለዚህ ሸይኹ እርሷን የጻፉት መልእክት መርጠው ይሁን፣ ወይስ ከሃያ አራት ዓመት ብቸኝነት በኋላ ከሁሉ ይልቅ በምላሳቸው የቀረችው እርሷ ስለነበረች ይሁን፣ ጽሑፉ አይነግረንም። ምናልባት ሁለቱም በአንድነት ሊሆኑ ይችላሉ። ሰው በጭንቅ ጊዜ የሚመርጠው ቃል ቀድሞ በሰላሙ ጊዜ የለመደውን ነውና።

ወደ ጽሑፉ መካከል ስንደርስ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ወደ ክርስቲያኖች አገር ከመምጣታቸው በፊት ሃይማኖታቸው የነቢዩ ሙሐመድ ሃይማኖት እንደ ነበረ ይናገራሉ። ጎሕ ሳይቀድ ወደ መስጊድ መሄዳቸውን፣ ውዱአቸውን፣ አምስቱን ሶላት፣ በየዓመቱ ከወርቅና ከብር፣ ከእህልና ከከብት ያወጡት የነበረውን ዘካ አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። አል-ፋቲሓንም ያሰፍራሉ። ከዚያ አሁን የሚጸልዩት በኢየሱስ ቃል እንደ ሆነ ገልጸው የክርስቲያኖቹን ጸሎት ይጽፋሉ። ኦወን ወንጌል ያነብላቸው እንደ ነበር ይነግሩናል፤ እንደማይራቡ፣ እንደማይታረዙ፣ ከባድ ሥራም እንደማይሠሩ ያመሰግናሉ። ሁለተኛው ወገን ይህን ክፍል ሁሉ ማስመሰል ነው ብሎ ያልፈዋል። ግን የመጀመሪያውን ክፍል እንደ ልባቸው ቃል፣ ሁለተኛውን እንደ ከንፈራቸው ቃል እንድንወስድ የፈቀደልን ማን ነው? ደስ የሚለንን መርጦ ማመን፣ በ1857ቱ ወረቀት ጀርባ እንደ ጻፈው ሰው ማድረግ ነው።

ዑለማኦቻችን ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ መንገድ ትተውልናል። በሱረቱ ነሕል 106ኛው አንቀጽ፣ ልቡ በኢማን የረጋ ሆኖ ሳለ የተገደደ ሰው ከወቀሳ ውጭ ተደርጓል፤ ሙፈሲሮች አንቀጹን ከዓማር ኢብን ያሲር ታሪክ ጋር ያያይዙታል። የፊቅህ ሊቃውንት በዚህ ላይ ተመሥርተው ኢክራህ ምን እንደ ሆነ በሰፊው ተንትነዋል። በዑመር ታሪክ ግን ለጥምቀቱ ጅራፍ እንደ ተነሣባቸው የሚገልጽ ቃል የለም። አስገዳጁ ነገር ከጅራፍ የሰፋ ነው፤ ሰውየው ንብረት ነበሩ። እምቢ ለማለት የማይችል ሰው እሺ ማለቱ ምን ያህል ይመዝናል? ነፃ ባልሆነ ሰው ቃል ላይ፣ ለክህደትም ሆነ ለጀግንነት፣ ፍርድ መስጠት ሚዛን የሌለው ነጋዴ ዋጋ እንደ መቁረጡ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኡሳማ ኢብን ዘይድን የገሠጹበት ምክንያት ይህንኑ ያስተምራል፦ የሰውን ልብ ከፍቶ ያየ የለም።

የዑመር ጉዳይ የአሜሪካንን የሃይማኖት ነፃነት ታሪክም ይፈትናል። ሰሜን ካሮላይና በ1776 ባወጣችው የመብቶች ድንጋጌ፣ ሰው ሁሉ እንደ ኅሊናው አላህን የማምለክ የማይነጠቅ መብት እንዳለው ደንግጋለች። በ1788 በሂልስቦሮ በተካሄደው ጉባኤ አዲሱ የፌዴራል ሕገ መንግሥት ሲመረመር፣ ለሥልጣን የሃይማኖት መለኪያ ካልተቀመጠ ሙስሊሞች ሊሾሙ ይችላሉ የሚል ስጋት ተነሣ። ጄምስ አይርዴል የተባለው የሕግ ሰው፣ አንዱን ወገን ማግለል ከተጀመረ የነፃነቱ መርሕ ራሱ ይፈርሳል ብሎ ተከራከረ። ግዛቲቱ ሕገ መንግሥቱን ያጸደቀችው በኅዳር 1789 ነው፤ የጸደቀበትም ከተማ ፋየትቪል ነው። ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ በዚያው ከተማ አንድ እውነተኛ ሙስሊም ለመስገድ ጥግ ሲፈልግ ታሰረ። ዴኒዝ ስፔልበርግ በ2013 ጄፈርሰንና ቁርኣንን ስለሚመለከት ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ መሥራቾቹ የተከራከሩለት ሙስሊም በሐሳብ ያለ፣ ወደፊት ሊመጣ የሚችል ሰው ነበር፤ በየእርሻቸው የነበሩትን ሙስሊሞች አላዩም። በዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። የግዛቲቱ ሕግ አውጪዎች በ1830 ባሪያን ማንበብና መጻፍ ማስተማርን በሕግ ከለከሉ። ዑመር በማግሥቱ ዓመት ብዕር ሲያነሡ ዕውቀታቸውን ከማንም አሜሪካዊ አልተቀበሉም፤ ከፉታ ቶሮ ይዘውት የመጡት ነበር።

ይሁንና ከሁሉ የሚያሳዝነው የጽሑፉ ክፍል፣ ብዙ አንባቢ እንደ ተራ ይቅርታ የሚያልፈው ነው። ሸይኹ የአገራቸውን ቋንቋም ዐረብኛውንም ብዙውን እንደ ረሱ ገልጸው፣ ወንድሞቻቸው እንዳይወቅሷቸው ይለምናሉ። በጻፉት ሱረቱል ሙልክ ውስጥም የተዘለሉ ስፍራዎች አሉ። በመድረሳ ያደገ ሰው ይህ ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ሒፍዝ የአንድ ሰው ጭንቅላት ሥራ ብቻ አይደለም። ደረሳ የረሳውን አንቀጽ ጎኑ ያለው ደረሳ ያስታውሰዋል፤ ኢማም በሶላት መካከል ሲያዝ ከኋላው ያለው መእሙም ይከፍትለታል። ዑመር ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ከኋላቸው የሚከፍትላቸው ሰው አልነበረም። እርማት የሌላቸው እነዚያ ክፍተቶች፣ ስለ ባርነት ከተጻፈ ብዙ ሐተታ ይልቅ የጀመዓን ማጣት ያሳያሉ።

ይህን ለመረዳት በጆርጂያ ግዛት በሳፔሎ ደሴት ከኖሩት ከቢላሊ ሙሐመድ ጽሑፍ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ቢላሊም በባርነት ሥር በዐረብኛ ጽፈዋል። ጽሑፋቸው ለብዙ ጊዜ የዕለት ማስታወሻ ነው ሲባል ቆይቶ፣ ጆሴፍ ግሪንበርግ በ1940 ባወጡት ጥናት በአብዛኛው ከኢብን አቢ ዘይድ አል-ቀይረዋኒ ሪሳላ፣ ማለትም ከታወቀው የማሊኪ ፊቅህ ኪታብ የመጣ መሆኑን አሳዩ። ስለ ውዱእና ስለ አዛን ይናገራል። በደሴቲቱ ሌሎች ሙስሊሞች ነበሩ፤ የቢላሊ የልጅ ልጆች ልጆችም በ1930ዎቹ፣ አያቶቻቸው በሙስበሓና በመስገጃ ይጸልዩ እንደ ነበር አስታውሰው ተናግረዋል። እንግዲህ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ ቢላሊ አብሯቸው ለሚሰግድ ሰው የሚሆን ሥርዓት ጻፉ፤ ዑመር ብቻቸውን ስለነበሩ ስለ ራሳቸው ጻፉ። የቢላሊ ጽሑፍም ስሕተት አያጣውም፤ ግን ማስተማሪያ ነው። የዑመር ጽሑፍ አቤቱታ ነው። የልዩነቱ ምንጭ የአንዱ ኢማን ከሌላው መብለጥ ነው ብለን መናገር አንችልም። ጀመዓ መኖሩና አለመኖሩ ግን በዓይን ይታያል።

ይህ ጉዳይ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በ1878 በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጋር በተያያዘው አዋጅ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ሲታዘዙ፣ ሸይኽ ጦልሓ ኢብን ጃዕፈርን የመሰሉ ተቃውመው ተነሡ፤ ሌሎች ተሰደዱ፤ ሌሎች በግልጽ ተጠምቀው በስውር ሰገዱ፤ ሌሎችም በተጠመቁበት ቀሩ። የእነዚህ ሁሉ ልጆች ዛሬ በየከተማው አብረውን ይኖራሉ። በየትምህርታችን የጸኑትን ማወደሳችን ተገቢ ነው። ነገር ግን የተጠመቁትን በአንድ ቃል ስንኮንን፣ አጠገባቸው ማን ነበረ፣ ማንስ ትቷቸው ሄደ ብለን አንጠይቅም። የቀሩት ሰዎች ወደ ዲናቸው ሊመለሱ የቻሉት መመለሻ የሚሆን ጀመዓ ስለቆያቸው ነው። ዑመር ያ አልነበራቸውም።

ስለዚህ የዑመርን ታሪክ በኹጥባ የምናነሣ ኢማሞችና በክፍል የምናስተምር መምህራን ሦስት ነገር ልንጠብቅ ይገባናል። አንደኛ፣ ጽሑፉ ዛሬ በዐረብኛው እንደ ተጻፈ ሊነበብ ስለሚችል ከወሬ ይልቅ ከጽሑፉ እንነሣ። ሁለተኛ፣ ቁርኣኑንም ወንጌሉንም፣ ምስጋናውንም ሐዘኑንም ሳንቆርጥ እንናገር፤ ሙስሊም ሆነው ሞቱ ወይም አልሞቱም የሚለውን ለባለቤቱ እንተወው። ሦስተኛ፣ ከሰውየው ኅሊና ይልቅ የራሳችንን ኃላፊነት እንመርምር። በየከተማችን ከመንደሩ ርቆ በባዕድ ቤት የሚያገለግል፣ በእስር የሚገኝ፣ በስደት አገር ብቻውን የሚኖር ወንድምና እኅት አለ። እርሱ አንቀጹን ሲረሳ ለምን ረሳህ ብሎ መውቀስ ቀላል ነው። ዑመር ያንኑ ወቀሳ ፈርተው ወንድሞቻቸውን ለምነው ነበር። ልመናቸው የሚመለሰው ግን በእኛ ዘመን ብቻውን ለቀረው ሰው ከኋላ ቆመን ስንከፍትለት ነው። ወአላሁ አዕለም።