«እጢ»፣ «ግትር ስብ» እና የወንድ ጡት፤ ስለ አንድ የሕክምና ትርጉም የቀረበ ሂስ

በቅርቡ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ አንድ በራሪ ጽሑፍ እጃችን ገብቷል። ጽሑፉ ጡታቸው ስላደገ ወንዶች፣ ስለ ሆርሞን፣ በቀላሉ ስለማይጠፋ የሰውነት ስብና ጡትን ለማሳነስ ስለሚደረግ ቀዶ ጥገና ያስረዳል። ሕክምናውን መተቸት የእኛ ሙያ አይደለም። ሆኖም ሕመምተኛው ስለ ገዛ አካሉ የሚኖረው ግንዛቤ ተርጓሚው በመረጣቸው ቃላት የሚወሰን በመሆኑ፣ በቃላቱ ላይ ያለንን አስተያየት ለአንባብያን ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

ከሁሉ አስቀድሞ የምናነሣው «እጢ» የሚለውን ቃል ነው። በትምህርት መጻሕፍት «እጢ» ማለት ሆርሞንን፣ ምራቅን፣ ላብን ወይም ወተትን የሚያመነጭ የአካል ክፍል ነው። በሕዝቡ አንደበት ግን «እጢ» በሽታ ነው፤ «እጢ ወጣባት»፣ «የማሕፀን እጢ»፣ «የአንጎል እጢ» ሲባል የሚሰማ ሁሉ የሚረዳው አደገኛ እብጠትን ነው። በራሪው ጽሑፍ ደግሞ «ጋይኒኮማስቲያ የወንድ የጡት እጢ ማደግ ነው» ይላል። ዐረፍተ ነገሩ ለባለሙያው ትክክል፣ ለወላጅ ግን መርዶ ነው።

ይህን የምንለው በግምት አይደለም። የ14 ዓመት የእኅታችንን ልጅ ወደ ሐኪም በወሰድንበት ጊዜ ወጣቱ ሐኪም የልጁን ደረት ዳስሶ ሲያበቃ «ምንም አይደል፣ እጢው ትንሽ አድጎ ነው» አላት። እኅታችን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ዶክተር፣ ካንሰር ነው እያሉኝ ነው?» ብትለው ሐኪሙ ራሱ ደነገጠ። እሱ ያጽናናት መስሎት ነበር። ሁለቱም አማርኛ ይናገሩ ነበር፤ የተለያየ መዝገበ ቃላት ይዘው ነበር እንጂ።

ነገሩ በእርግጥ የሚያጽናና ነበር። በጉርምስና ወራት፣ በተለይም በ13 እና በ14 ዓመት ገደማ፣ ኢስትሮጅን ከቴስቶስተሮን ጋር ያለው ሚዛን ለጊዜው ስለሚዛባ የብዙ ወንዶች ልጆች ጡት ያብጣል፤ ከጡቱ ጫፍ ሥር እንደ ሳንቲም ያለ ጠንከር ያለ ነገር ይዳሰሳል። አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ያለ መድኃኒት ይጠፋል። በጎልማሶች ላይ ሲታይ ምክንያቱ የጉበት ሕመም፣ ለጡንቻ ማሳደጊያ የሚወሰድ ስቴሮይድ፣ ወይም እንደ ስፓይሮኖላክቶን ያለ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። በአገራችን ለብዙ ዓመታት ለኤች አይ ቪ ሕክምና በመጀመሪያ ደረጃ ይሰጥ የነበረው ኤፋቪሬንዝም ከእነዚሁ ይቈጠራል።

ከዚህ የተለየ ሁለተኛ ነገር አለ፤ ይኸውም የሚያመነጨው አካል ሳያድግ በደረት ላይ ስብ ብቻ ሲከማች ነው። በራሪው ጽሑፍ ሁለቱንም በአንድ ስም ይጠራቸዋል። ጥፋቱ በእርግጥ የተርጓሚው ብቻ አይደለም። የግሪክኛው ቃል «ሴት» እና «ጡት» ከሚሉ ሁለት ቃላት የተገጣጠመ ሲሆን፣ ጋሌኖስ ሲጠቀምበት ያሰበው ስብን ነበር። በ7ኛው መቶ ዓመት የነበረው ጳውሎስ ዘአጊናም በጉርምስና ጊዜ የሴቱም የወንዱም ጡት እንደሚያብጥ፣ በአብዛኞቹ ወንዶች ላይ እንደሚመለስ፣ በአንዳንዶቹ ግን ከሥሩ ስብ እያበጀ እንደሚያድግ ገልጾ፣ ከጡቱ በታች በጨረቃ ቅርጽ ቀዶ ስቡን ማውጣትን ያስተምራል። የዛሬው ሕክምና ቃሉን ለሚያመነጨው አካል ማደግ ብቻ ወስኖታል። እንግዲህ ስያሜው ተሻሽሎ ሳለ ትርጉሙ ወደ ጋሌኖስ ዘመን ተመልሷል ማለት ነው። ይህም ለቀዶ ጥገናው ለውጥ ያመጣል፦ ስብ ብቻ ከሆነ በቀጭን ቱቦ ሊመጠጥ ይችላል፤ ያደገው ሌላው አካል ከሆነ ግን በጡቱ ጫፍ ዙሪያ ባለው ጠቆር ያለ ክብ ጠርዝ ተቀዶ ይወጣል።

በእኛ አስተያየት አማርኛ ለዚህ ልዩነት ድሀ አይደለም። የልጃገረድ ጡት ሲጀምር «አጎጠጎጠ» ይባላል። ቃሉ ጾታን ሳይሆን አኳኋንን የሚገልጽ ስለሆነ፣ ለመጀመሪያው ዐይነት «የወንድ ጡት ማጎጥጎጥ»፣ ለሁለተኛው ደግሞ «የወንድ ጡት መስባት» ብንል ሁለቱ ሳይምታቱ ይለያያሉ። የ60 ዓመት ሽማግሌ ጡቱ አጎጠጎጠ ማለት ፈገግ እንደሚያሰኝ አናጣውም፤ «መስባት»ም የድልብ ሰንጋ ሽታ አለው። ግን ጮማውም፣ ሞራውም፣ ላቱም የመጣው ከከብቱ ነው። በራሪው ጽሑፍ በአንድ ቦታ ከተጠቀመበት «ሴታ ሴት ጡት» ግን ሁለቱም እጅግ ይሻላሉ፤ ያ ሕመምን የሚገልጽ ስያሜ ሳይሆን ስድብ ነው። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ከጓደኞቹ የሸሸገውን ደረት በስድቡ ቃል ተጽፎ ሲያገኘው ሐኪም ዘንድ አይሄድም።

«ግትር ስብ» የሚለው ደግሞ የእንግሊዝኛው ጥላ ነው። ግትርነት የሰው ጠባይ ነው፤ ስብ ግን አይከራከርም። አማርኛ በዚህ ጊዜ «አልሞት ባይ ተጋዳይ» እንደሚለው «አልጠፋ ባይ ስብ» ይላል፤ ወይም በግሥ «ስቡ አልሟሽሽ አለ» ብሎ ይጨርሰዋል። «የጡት ቅነሳ»ም የዋጋና የሠራተኛ ቅነሳን ስለሚያስታውስ «ጡት ማሳነስ» ቢባል እንመርጣለን።

ተርጓሚው «ሆርሞን»ን እንዳለ በመተዉ ግን እናመሰግነዋለን። «እድገ ንጥር» የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ሥራው እድገት ብቻ አይደለም። ስታርሊንግ እ.አ.አ. በ1905 ቃሉን ሲያወጣ የወሰደው ማነሣሣት ከሚል የግሪክኛ ግሥ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ገበያተኛው ሳይቀር «ሆርሞኗ ተዛብቶ ነው» ይላል። ተዋሕዷልና ይቅር።

ተርጓሚው ለሁለተኛ እትም ቢዘጋጅ የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር እንዲህ ቢያደርገው እንጠይቃለን፦ «የወንድ ጡት ሲያጎጠጉጥ ከጡቱ ጫፍ ሥር ጠንከር ያለ ነገር ይዳሰሳል፤ ይህ ካንሰር አይደለም። በአንድ ወገን ብቻ የወጣ፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረ፣ ከጫፉም ፈሳሽ ወይም ደም የሚያወጣ ከሆነ ግን ሳይዘገዩ ለሐኪም ያሳዩ።»