«ፎንቱን ቀይሪው»

ኮምፒውተር በገባበት መሥሪያ ቤት ሁሉ የምትታወቅ አንዲት መፍትሔ አለች፤ «ፎንቱን ቀይሪው» ትባላለች። የቆየ ፋይል ይከፈታል። አማርኛው ይጠበቅ የነበረበት ቦታ ላይ የዶላር ምልክት፣ ግማሽ ቅንፍ፣ አናቷ ላይ ነጥብ የተደፋባት የፈረንጅ ፊደል ተደርድረው ይገኛሉ። አለቃ በጸሐፊዋ ትከሻ ላይ አጎንብሰው ያዩና «ፎንቱን ቀይሪው እንጂ!» ይላሉ። እሷም ታዛዥ ናት፤ ሁሉንም መርጣ ወደ ኒያላ ትቀይረዋለች። ምንም ለውጥ የለም። ትበሳጭና ሴቭ አድርጋ ትዘጋዋለች።

ነገሩ በዚህ አበቃ እንዳትሉ። ያበቃው ሰነዱ ነው።

እንዴት? እስኪ ከሥሩ እንየው። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቁጥር ይመደብለታል፤ ፎንት የምንለው ደግሞ «ይህ ቁጥር ሲመጣ ይህን ቅርጽ ሳል» የሚል የሥዕል መዝገብ ነው። ኮምፒውተር ወደ አገራችን ቢሮዎች ሲገባ ለግዕዝ ፊደል የተመደበ ዓለም አቀፍ ቁጥር አልነበረም። የዚያ ዘመን ፎንት የነበረው ቦታ 256 ብቻ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ማሽኑ ለራሱ ሥራ የያዘው አለ። እኛ ደግሞ 33ቱን ፊደል በ7 ስናባዛ 231 እንደርሳለን። ዲቃላዎቹ፣ የግዕዝ አኃዞቹ፣ አራት ነጥቡና ድርብ ሰረዙ ገና በር ላይ ቆመዋል።

ባለሙያዎቻችን ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ መላ መቱ። የፈረንጁን ፊደል ቁጥር ወሰዱና የአማርኛ ቅርጽ አለበሱት። አንዳንዱ ፊደሉን ለሁለት ፎንት አካፈለው፤ ሌላው እንደ ጥንቱ የጽሕፈት መኪና ገላውን ለብቻ፣ እግሩንና ቀለበቱን ለብቻ አድርጎ ገጣጠመው። አጋፋሪ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ እያልን የምንጠራቸው ሁሉ የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው። ጋዜጣው፣ የሠርግ ጥሪው፣ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ የፍርድ ቤት አቤቱታው በእነሱ ተጽፏል። ውለታቸው አይካድም። ብዙዎቻችን ግን ሳንከፍል በፍላሽ እየገለበጥን ነው የተጠቀምንባቸው፤ ይህንንም አብረን እናስታውስ።

ችግሩ ሁሉም መላውን የመታው በየቤቱ መሆኑ ነው። በአንዱ «ለ» የነበረው ቁጥር በሌላው ፎንት ሲከፈት «ቸ» ሊሆን ይችላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ያ ጽሑፍ አማርኛ የሚመስለው ለዓይናችን ብቻ ነው። ለኮምፒውተሩ የአማርኛ ጭንብል ያጠለቀ የፈረንጅ ፊደል ነው። ጭንብሉ ሲወልቅ የምናየው ያንን የዶላርና የቅንፍ ሰልፍ ነው።

መፍትሔው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ቋንቋዎች ሁሉ የፊደል መዝገብ በ3.0 ዕትሙ ለግዕዝ ፊደል 345 የራሱ ቁጥሮች ሰጠው፤ በ2005 እና ከዚያም በኋላ ለሌሎች ቋንቋዎቻችን የሚያስፈልጉ ፊደላት ተጨመሩ። በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላን ይዞ መጣ። «ሀ» በአዲስ አበባም፣ በዋሽንግተንም፣ በቴል አቪቭም ያው «ሀ» ሆነች። ዛሬ በስልኩ «እንደምን አደርሽ» ብሎ የሚልክ ወጣት የሚጠቀመው ይህንኑ ነው፤ ስሙን እንኳ ሳያውቀው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሁለት ነገር ያምታታል። አንደኛው የፎንቱ ፋይል ዓይነት ነው። ትሩታይፕ የሚባለውን አፕል ሠርቶ በ1991 አወጣው፤ ኦፕንታይፕን ማይክሮሶፍትና አዶቤ በ1996 አስተዋወቁት፤ ከሁሉም የሚቀድመውን ታይፕ ዋን ደግሞ ባለቤቱ አዶቤ በ2023 መደገፍ አቆመ። ከአንዱ ወደ ሌላው መቀየር ጤፍን ከጆንያ ወደ ጎታ እንደመገልበጥ ነው። መያዣው ተለወጠ እንጂ ጤፉ ያው ጤፍ ነው። ሁለተኛው ግን የቁጥሩ አመዳደብ ነው፤ እሱ እህሉ ራሱ ነው። «ፎንቴን ወደ ኦፕንታይፕ ቀየርኩት፤ ከእንግዲህ ዩኒኮድ ነው» የሚል ሰው ጆንያ ለውጦ ገብሱ ጤፍ ሆነልኝ እንደሚል ገበሬ ነው። በየቢሮው «ፎንት» የምትል አንዲት ቃል ሁለቱንም ስለምትጠራ መያዣ ቀይረን እህል የቀየርን ይመስለናል።

ወደ ጸሐፊዋ እንመለስ። የድሮ ሰነድ ውስጥ እያንዳንዱ ቃል በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ስሙ አብሮ ተመዝግቧል። ያ ስም ቁልፉ ነው። መቀየሪያ ፕሮግራም የትኛውን ቁጥር ወደ የትኛው ፊደል እንደሚያዞር፣ የትኛው ቃል ደግሞ እውነተኛ እንግሊዝኛ ስለሆነ እንደማይነካ የሚያውቀው በእሱ ነው። «ሁሉንም ምረጪና ኒያላ አድርጊው» ሲባል ቁልፉ ተጣለ። ፋይሉን ወደ ኖትፓድ መገልበጥም ያው ነው። ከዚያ ወዲያ ያ ጽሑፍ የአባቱን ስም የማያውቅ ልጅ ሆነ ማለት ነው።

ጥፋቱን ግን በጸሐፊዋ ላይ አላሳብብም። የእኛ የሁላችንም አመል ነው። እኛ ለወረቀቱ እንጂ ለጽሑፉ አንጨነቅም። ታትሞ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ከተመታበት በቃ፤ ፋይሉ የት ደረሰ የሚል የለም። ፎንትም ስንመርጥ «ያምራል ወይ?» ነው እንጂ «ነገ ይነበባል ወይ?» አንልም። ርእሱ ደምቆ ይታይ እንጂ ከሥሩ ምን ቁጥር ተቀመጠ ማን ግድ አለው? ዩኒኮድ መጥቶ ከሃያ ዓመት በላይ ካለፈው በኋላም «የለመድኩት ይሻለኛል» ብለው የድሮውን የሙጥኝ ያሉ አሉ።

«ታዲያ ምን ይጠበስ? ወረቀቱ አለ አይደል?» የሚል አይጠፋም። ይጠበሳል እንጂ። ዓይነ ስውር ወገናችን ኮምፒውተር የሚጠቀመው ጽሑፉን በድምፅ በሚያነብለት ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ቁጥሩን እንጂ ቅርጹን አያይም። ጭንብል ባጠለቀ ፎንት የተጻፈ አዋጅ ሲከፈትለት የሚሰማው የተዘበራረቀ የፈረንጅ ፊደል ስም ነው። ለዓይናማው ሕግ የሆነው ለእሱ ጫጫታ ነው። የዓይናማውስ ቢሆን? በሺህ ገጽ ሰነድ ውስጥ «ይርጋ» የሚለውን ቃል ፈልግልኝ ብትሉት ኮምፒውተሩ «የለም» ይላችኋል፤ ቃሉ ግን ፊት ለፊታችሁ ተገትሯል። ጥናቱ፣ ቃለ ጉባኤው፣ የጋዜጣው መጣጥፍ ለፍለጋ፣ ለትርጉም፣ ለመዝገበ ቃላት ሥራ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

የሚያስቆጨው ነገሩ ገና ያልመሸበት መሆኑ ነው። የሚፈለገውም ጉባኤ ወይም ኮሚቴ አይደለም። የድሮውን ፋይል እንዳለ ሳይነኩ ቅጂውን ማስቀመጥ፤ የተጻፈበትን ፎንት ከጎኑ ማኖር፤ ቅጂውን በፎንቱ ስም ትክክለኛውን መቀየሪያ ፈልጎ ወደ ዩኒኮድ ማዞር፤ በመጨረሻም ሰው ቁጭ ብሎ ከወረቀቱ ጋር ማመሳከር፣ በተለይ የሰው ስም፣ ቁጥርና ዲቃላ ፊደል። መቀየሪያው የሚስተው እነዚህን ነውና። ይህ የአንድ ዓመት ልምምድ ለሚወጣ ተማሪ የሚበቃ ሥራ ነው። ግን ዛሬ ነው መሠራት ያለበት። የድሮው ፎንት ያለበት ኮምፒውተር ከግምጃ ቤት ወጥቶ በጨረታ ከተሸጠ፣ የትኛው ፋይል በምን እንደተጻፈ የሚያስታውሱት ጸሐፊም ጡረታ ከወጡ፣ ያኔ ቁልፉን ከማን እንቀበላለን?

በብራና የጻፉት አባቶች ቀለሙን በጥብጠው፣ ቆዳውን ፍቀው የጻፉት ከስድስት መቶ ዓመት በኋላም ይነበባል። እኛ በኮምፒውተር የጻፍነው ሃያ ዓመት ሳይሞላው አልነበብ አለ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እያልን ያደግን ሰዎች ነን። መጻፋችንንስ ጽፈናል። ወራሹ ከፍቶ ሊያነበው የማይችለውን ግን አወረስነው ማለት ይቻላል?