የሕመምተኛ ገመና በየስልኩ



በእንዲህ ያለ ገጽ ብዙውን ጊዜ የሚተቸው መጽሐፍ ነው። እኔ ዛሬ የምተቸው ግን በምኖርበት በወረታ ከመጽሐፍ ይልቅ ብዙ ተመልካች ያገኘውን ነገር ነው፤ ከስልክ ወደ ስልክ የሚተላለፈውን የሩቅያ ቪዲዮ። በገበያ ቀን ከፎገራ ሜዳ ሩዙን አስጭኖ የመጣ ገበሬ ሒሳቡን እስኪቀበል ድረስ የሱቅ በረንዳ ላይ ቆሞ ያየዋል። ሴቶች ቡና ላይ ያዩታል። የእኔም ደረሶች ከቂርኣት በኋላ ተከልለው ሲያዩት ደርሼባቸዋለሁ። ሳያዩ መናገር ደግሞ ነውር ነውና ከረመዷን በኋላ አሥራ አንዱን ሰብስቤ፣ ቁጭ ብዬ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተመለከትኳቸው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላጥራ። ቁርኣን ሺፋእ ስለመሆኑ ጥርጣሬ የለኝም። ጂን መኖሩንም አልክድም። በታመመ ሰው ላይ ፋቲሓን መቅራት ሱና ነው፤ እኔም በልጆቼ ላይ እቀራለሁ። ስለዚህ "ኡስታዙ ሩቅያን ተቃወመ" ብሎ የሚያወራ ቢኖር ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አላነበበም ማለት ነው። የምተቸው ቀረጻውን ነው፤ በቀረጻው ውስጥ ደግሞ ለሕመምተኛው የተሰጠውን ቦታ።

ቪዲዮዎቹ ሁሉም በአንድ ወፍጮ የተፈጩ ይመስላሉ። መጀመሪያ ነሺዳ ይሰማል። ቀጥሎ የሚቀራው ኡስታዝ ስምና ማዕረግ በትልቅ ፊደል ይወጣል። ከዚያ አንዲት ልጅ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ትታያለች፤ እናቷ ከኋላ ይዛታለች። ድምፅ ማጉያው ጆሮዋ ሥር ይደቀናል። ስትጮህ ካሜራው ይጠጋታል፣ ዝም ስትል ይርቃታል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ዝም ያለች ሕመምተኛ ለቀራጩ አትጠቅመውም። ሻሿ ይወርዳል፣ አፏ አረፋ ይደፍቃል፣ ልብሷ ይገለጣል፤ ካሜራው ግን ፊቱን አይመልስም። "ስምህ ማን ነው? ከየት መጣህ? ማን ላከህ?" ተብሎ ይጠየቃል። ከአንዱ በቀር በሁሉም የጂኑ ስም ሲጠየቅ ሰምቻለሁ፤ ስለዚያ ስለ አንዱ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። በአሥሩ ግን የልጅቷን ስም የጠየቀ የለም። መቼ እንደጀመራት፣ በወር ስንት ጊዜ እንደሚጥላት፣ እሳት ላይ ወድቃ ታውቅ እንደሆነ የጠየቀም የለም። በመጨረሻ ትዝላለች፣ ትተኛለች። "ወጣ!" ይባላል፤ ተክቢራ ይሰማል፤ ስልክ ቁጥር ይወጣል። በሳምንቱ ምን እንደሆነች የሚያሳይ ተከታይ ክፍል አላገኘሁም፤ ፈልጌም ነበር።

የሚጥል በሽታ (አሮጌውን የሀገራችንን ስም እዚህ መጻፍ አልወድም) ያለበት ሰው ከተንቀጠቀጠ በኋላ ይዝላል፣ ግራ ይጋባል፣ እንቅልፍ ይጥለዋል። የበሽታው ጠባይ ነው። መንቀጥቀጡም ብዙውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ያቆማል። እንግዲህ ቪዲዮው "ወጣ" ያለው ይህንን እንቅልፍ ከሆነ፣ ቤተሰቡ ደስ ብሎት መድኃኒት ሳይጀምር ወይም የጀመረውን ጥሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ጉዳቱም ከዚህ ይጀምራል። ደግሞም በእነዚህ ቪዲዮዎች ውስጥ የማይገናኙ ሕመሞች በአንድ ከረጢት ተጨምረዋል። አንደኛው ወጣት ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማ ነው። አንደኛዋ ከወለደች ወራት ያልሞላት እናት ናት፤ ስታለቅስ ሕፃኗም ከጓዳ ሲያለቅስ ይሰማል። ለሁሉም የቀረበው ጥያቄ ያው "ስምህ ማን ነው?" ነው።

ይህን ከፈረንጅ ሐኪም ቀድቼ የምናገር የሚመስለው ወንድም ካለ፣ በ751 ዓመተ ሂጅራ የሞቱትን የኢብኑል ቀዪምን ዛዱል መዓድ ይክፈት። እኒህ ዓሊም ጂን ሰውን ይጥላል ብለው የሚያምኑ ነበሩ። ሆኖም ሰውን የሚጥለውን ነገር ለሁለት ከፈሉት፤ አንዱ ከርኩሳን መናፍስት የሚመጣ፣ ሌላው ከሰውነት ውስጥ የሚነሳና ሐኪሞች መንስኤውንና ሕክምናውን የሚያወሩለት። ሁለተኛውን አልካዱም። የእኛዎቹ ራቂዎች ከኢብኑል ቀዪም የመጀመሪያውን ወስደው ሁለተኛውን ገጽ ሳይገልጡ የተውት ይመስለኛል።

ከሁሉም በላይ የሚከብደኝ ግን ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት የዚያች ጥቁር ሴት ታሪክ ነው። ዘጋቢው ዐጧእ ኢብኑ አቢ ረባሕ ነው። ዐጧእ ማን እንደነበረ ታውቃላችሁ፤ ጥቁር፣ አንካሳ፣ አንድ ዓይና የነበረ፣ በኋላም የታወረ፣ ነገር ግን በመካ ሰው ሁሉ ለፈትዋ የሚሰለፍለት ታላቅ ዓሊም። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ለዐጧእ ይህችን ሴት ከጀነት ሰዎች አንዷ ናት ብሎ አሳየው፤ ታሪኳንም ነገረው። ሴትዮዋ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀርባ እንደሚጥላት፣ ሲጥላትም እንደምትገለጥ ተናገረች፤ ዱዓ እንዲያደርጉላትም ጠየቀች። እርሳቸውም አስመረጧት፤ ብትታገስ ጀነት እንደሚሆንላት፣ ከፈለገችም እንድትድን አላህን እንደሚለምኑላት። እርሷም ትዕግሥቱን መረጠች። ነገር ግን አንድ ልመና ጨመረች፤ በሚጥላት ጊዜ እንዳትገለጥ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ለዚሁ ዱዓ አደረጉላት።

ይህን ሐዲስ ለዓመታት ሳስተምር የሰብር ሐዲስ አድርጌ ነበር የማስተምረው። ቪዲዮዎቹን ካየሁ በኋላ ነው ሌላው የታየኝ። ሕመሙን የተሸከመችው ያች ሴት መሸከም ያቃታት በሰው ፊት መገለጡን ነው። እኛ ደግሞ ይህንኑ በአሥር ደቂቃ ቪዲዮ አድርገን "ሼር አድርጉ፣ አጅር ታገኛላችሁ" እንላለን።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰቦች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። አለመግለጥ ማለት መደበቅ አይደለም። ያች ሴት ቤት ተዘግቶባት አልኖረችም። ዐጧእ ራሱ በከዕባ መጋረጃ አጠገብ እንዳያት ቡኻሪ ዘግቦልናል፤ ረጅም ጥቁር ሴት፣ ኡሙ ዙፈር የምትባል። በስሟ ትታወቃለች፤ ኢብኑ ዐባስም ለተማሪው በክብር ነው ያሳየው። ገመናዋ ተሸፍኖ እርሷ ግን በሰው መካከል ነበረች።

እኛ ዘንድ የተገላቢጦሽ ሆኗል። በሰፈሬ አንዲት ልጅ አለች፤ ከእኔ ዘንድ ጁዝእ ዐምማን የጨረሰች፣ ድምፅዋ ያማረ። ቤተሰቦቿ ሩቅ ከተማ ድረስ ወስደው አስቀሩባት። ቪዲዮዋ ከእርሷ ቀድሞ ወረታ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ገበያ አትወርድም፤ ሠርግ ቤት አትታይም፤ የታጨችለትም ቤት "ለጊዜው ይቆይ" ብሎ ሽማግሌ ላከ። ፊቷን ለማያውቃት ሁሉ ሰጥተን፣ ለሚያውቋት ደግሞ ከለከልናት።

በሌላው ላይ ብቻ ጣቴን እንዳልቀስር የራሴንም ልናገር። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ደረሳ ሲቀራ ሳለ ወደቀብኝ። ልጆቹ ጮኸው ወደ ውጭ ሮጡ። አንዱ ክብሪት ጭሮ አሸተተው፤ ሌላው ማንኪያ በጥርሱ መሀል ካልከተትኩ አለ። እኔም አልከለከልኩም፤ አላውቅማ! በማግሥቱ አባቱን ጠርቼ "እስኪሻለው ቤት ይቆይ፤ ሌሎቹ ልጆች እየፈሩ ነው" አልኳቸው። እርሳቸውም አመስግነውኝ ሄዱ። ልጁ አልተመለሰም። አሁን ትልቅ ሰው ነው፤ የሰው ከብት ይጠብቃል፤ ያውም በርብ ወንዝ ዳር፣ እንዲህ ያለ ሰው ለብቻው መዋል በማይገባው ቦታ። ሲያገኘኝ እጄን ይስማል፤ እኔም ምን እንደምለው አላውቅም።

ያን ጊዜ ባውቅ ኖሮ የማደርገው ቀላል ነበር። የወደቀውን ሰው ከእሳት፣ ከውኃና ከድንጋይ ማራቅ፤ ራሱ ሥር ጨርቅ ማድረግ፤ መንቀጥቀጡ ሲያቆም ወደ ጎኑ ማስተኛት፤ በአፉ ምንም አለመክተት፤ በጉልበት አለመጫን፤ የተገለጠ ልብሱን መሸፈን፤ እስኪነቃ አብሮት መሆን። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወደ ጤና ተቋም መውሰድ። አረፋው አይጋባም፤ የነካውን አይዘውም። አይጋባም እያልኩ ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ! ዛሬም ምጣድ ላይ የወደቀችን ሴት ለማንሳት የሚፈራ ሰው አለ። ከነፍስ በፊት አረፋ የሚፈራ ሰው ነገ አላህ ፊት ምን ይል ይሆን?

በሽታው ደግሞ ብርቅ አይደለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ፣ በመስቃንና ማረቆ፣ 60,820 ሰው በሚኖርበት ገጠር ቤት ለቤት አጥንተው 316 ሕመምተኞች አግኝተዋል፤ ጥናቱ በ1990 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ይህም ከሺህ ሰው አምስት ያህሉ ማለት ነው። የጁሙዓ ሰጋጃችሁን ቁጠሩና አስሉት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ተገቢውን ሕክምና ቢያገኙ ከመቶው እስከ ሰባ የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። በሀገራችን ብዙ የሚሠራበት ፌኖባርቢታል የሚባለው መድኃኒት ርካሽ ነው፤ ከአንዳንድ ራቂ "ሐዲያ" ጋር ቢተያይ ኪኒኑ የዓመት ቀለብ ይወጣዋል።

ከመድኃኒት ጋር አንድ የእኛ የሙስሊሞች ጉዳይ አለ። በረመዷን ኪኒን የሚያቋርጡ ብዙዎች ናቸው፤ ድንገት ማቋረጥ ደግሞ ከበፊቱ የከፋ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ይህ ኪኒን በአብዛኛው በቀን አንድ ጊዜ፣ ማታ የሚወሰድ ስለሆነ ከኢፍጧር በኋላ ይደርሳል። ስለዚህ ረመዷን ሳይገባ የጤና ባለሙያውን ጠይቁ። መጾም የሚጎዳው ከሆነ አላህ ለሕመምተኛ ሩኽሷ ሰጥቷል፤ አላህ ያቀለለውን እኛ ለምን እናከብዳለን? በክልላችን መንገድ በሚዘጋባቸው ቀናትም መድኃኒት እንዳይቋረጥ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል።

አሁን ከአሥራ አንዱ ወደ ለየሁት አንድ ልመለስ። በእርሱ ካሜራው የተተከለው በሚቀራው ሰው ላይ ብቻ ነው። ሕመምተኛው በነጠላ ተሸፍኗል፤ ስሙም ፊቱም አይታወቅም። ሰውዬው ቀርቶ ሲጨርስ ለቤተሰቡ "ቁርኣኑን እቤታችሁ ቅሩ፤ ነገ ግን ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ኪኒን ከሰጡት አታስጥሉት" አላቸው። አራት ደቂቃ የማይሞላ ነው፤ ጩኸት የለውም። ተመልካቹም ትንሽ ነው። ይህን የመሰለ ቢበዛ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ።

ሰው ስለ ሕመሙ ፈጽሞ አይናገር ማለቴ አይደለም። በአዲስ አበባ ኬር ኤፒለፕሲ ኢትዮጵያ የተባለውን ድርጅት የመሠረተችው እናት የውነቱ ራሷ ከዚህ ሕመም ጋር የኖረች ናት፤ በአደባባይም ስለ ሕመሙ ታስተምራለች። ልዩነቱ ግልጽ ነው። እርሷ በራሷ አንደበት፣ ፈቅዳ፣ ነቅታ ነው የምትናገረው። ምንጣፍ ላይ የወደቀችን ልጅ ግን ማን አስፈቀዳት? "አባቷ ፈቅዷል" ይሉኛል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያስመረጡት ግን ሴትዮዋን ራሷን ነው። የሀገሪቱም ሕግ ከዚህ አይርቅም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የሰውን ግላዊ ሕይወት ያስከብራል፤ ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 22 የጤናቸው ምስጢር እንዲጠበቅ ያዛል።

የዚያች የሰፈሬ ልጅ አባት ባለፈው ወር ከዐስር ሶላት በኋላ ጠበቁኝ። "ኡስታዝ፣ እርስዎ ቢያነጋግሯቸው ይሰሙ ይሆናል" አሉኝ። በቪዲዮው መጨረሻ ባለው ቁጥር ደወልን። የመለሰልን ወጣት ትሑት ነበር፤ ጥያቄያችንን ከሰማ በኋላ ግን ቪዲዮው ለዳዕዋ ስለሚጠቅም ማውረድ እንደማይቻል ነገረን። አባትየው ስልኩን ተቀብለው "የእኔ ልጅ ፊት ነው እኮ፣ ልጄ" አሉት። ወጣቱ ለራቂው እንደሚነግርለን ቃል ገባ። ሦስት ጊዜ ደግመን ደወልን። ቪዲዮው ይህን እስከምጽፍበት ቀን ድረስ አልወረደም።